ለቆየ መኪና የበር ሪሞት ስለ ማስገጠም

ከፋብሪካ ከወጣ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ነገር ግን ባለቤቱ በአሽከርካሪው በር ላይ ያለችውን ማብሪያ ሲጫን ወይም ቁልፉን ሲያዞር አራቱ በሮች በአንድ ጊዜ የሚቈለፉለት መኪና፣ በሪሞት ለመከፈትና ለመዘጋት የሚያስፈልገው ኃይል በአብዛኛው ከተሠራበት ቀን ጀምሮ ተሟልቶለታል፤ ሞተሮቹ በየበሩ ሆድ ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ሽቦዎቹ ከምንጣፉ ሥር ተዘርግተዋል፣ ፊውዙም በሥፍራው አለ፤ ብዙ ጊዜ የጐደለው ከውጭ የሚላከውን ትእዛዝ ሰምቶ ለእነዚህ ሞተሮች የሚያደርስ ተቀባይ ብቻ ነው። ይህ ተቀባይ ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ ሣጥን ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ከሁለት ሪሞት ጋራ በአንድ ካርቶን ይሸጣል፤ ሥራውን የሚያውቅ የመኪና ኤሌክትሪሺያንም በግማሽ ቀን ሊገጥመው ይችላል። ሆኖም ሥራው የሚሰምርበትም የሚበላሽበትም ምክንያት የሚገኘው በአዲሱ ሣጥን ውስጥ ሳይሆን በአሮጌው መቀርቀሪያ ጠባይ ውስጥ ስለ ሆነ፣ አንዲት ሽቦ ከመቈረጧ አስቀድሞ የመኪናው የራሱ ሥርዓት በሚገባ መመርመር አለበት። ይህን ምርመራ ባለቤቱ በእጁ ባይሠራውም እንኳ፣ ምን እንደ ሆነ ተረድቶ ባለሙያውን ቢጠይቅ መኪናውንም ገንዘቡንም ያድናል ብዬ ስለማምን ነው ነገሩን በሰፊው ለመግለጽ የተነሣሁት።

በአገራችን የቆየ መኪና እያደሱ መያዝ ከምርጫ ይልቅ ግዴታ እየሆነ መጥቷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ዕድሜያቸው በገፋ መጠን የሚከብድ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለ፤ ከዚህም የተነሣ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ የተሠሩ ኮሮላዎችና ላንድክሩዘሮች ከአባት ወደ ልጅ፣ ከሻጭ ወደ ገዢ እየተላለፉ ገና ብዙ ዘመን የሚያገለግሉ ናቸው። ባለቤቶቻቸውም በመርካቶ ሱማሌ ተራ እየተዘዋወሩ የሞተሩን፣ የፍሬኑንና የመብራቱን ዕቃ ሲፈልጉ፣ የበር ሪሞቱን ግን እንደ ጌጥ ቈጥረው ወደ ኋላ ያቈዩታል። በእኔ አስተያየት ይህ አነስተኛ ነገር አይደለም፤ በክረምት ዝናብ ልጅ አዝላ፣ በአንድ እጇ ዘንቢል ይዛ ከመኪናዋ በር አጠገብ የቆመች እናት፣ ወይም በጨለማ የቁልፉን ቀዳዳ በዳበሳ የሚፈልግ አረጋዊ፣ ጥቅሙን ከማንም ይልቅ አሳምሮ ያውቀዋል።

የበር መቀርቀሪያን በኤሌክትሪክ የማንቀሳቀስ አሳብ ከሚገመተው በላይ ጥንታዊ ነው። ስክሪፕስ ቡዝ የተባለው የአሜሪካ መኪና እ.ኤ.አ. በ1914 ይህን መሣሪያ ይዞ ወጥቶ ነበር፤ ነገር ግን ተረስቶ ቆይቶ ፓካርድ የተባለው ኩባንያ በ1956 እንደ ገና እስኪያመጣው ድረስ በባለጸጎች መኪና እንኳ ዘንድ አልተለመደም። ያለ ቁልፍ የመክፈቱ ጥበብ ደግሞ ዘግይቶ መጣ፤ ፎርድ በ1980 በአንዳንድ የፎርድ፣ የመርኩሪና የሊንከን መኪኖች በር ላይ አምስት ቁልፎች ያሉበት የቍጥር ሰሌዳ አኖረ፤ ባለቤቱም የተሰጠውን ኅቡዕ ቍጥር በጣቱ እየነካ በሩን ይከፍት ነበር። ከሩቅ ትእዛዝ ማስተላለፍ የተጀመረው ግን በፈረንሳይ አገር ነው፤ ፖል ሊፕሹትስ የተባለው የፈጠራ ሰው ያወጣው መሣሪያ በ1982 በሬኖ ፉዌጎ ላይ ተገጠመ። ያ የመጀመሪያው ሪሞት የሚልከው ለዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን ስለ ነበረ፣ ሰውዬው ሪሞቱን ወደ መኪናው ተቀባይ አቅንቶ መያዝ ነበረበት፤ በኋላ የሬድዮ ሞገድ የብርሃኑን ቦታ ሲወስድ፣ በኪስ ውስጥ እንዳለ፣ ከልብስም በስተጀርባ ሆኖ ትእዛዙን ማድረስ ተቻለ።

ይህ የሬድዮ ሞገድ በሁሉም አገር አንድ አይደለም። በሰሜን አሜሪካና በጃፓን ለመኪና ሪሞት በብዛት የተለመደው 315 ሜጋኸርትዝ ሲሆን፣ በአውሮጳና በሌሎች ብዙ አገሮች ያለው 433.92 ሜጋኸርትዝ ነው፤ ስለዚህ የአንዱ ሪሞት የሌላውን ተቀባይ ከቶ ሊያነጋግር አይችልም። በአሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ለዘመድ መኪና ብለው የሚልኩት ሪሞት አዲስ አበባ ሲደርስ ዝም የሚልበት አንደኛው ምክንያት ይኸው ነው፤ ሣጥኑንና ሪሞቱን በአንድነት ቢልኩ ግን ሁለቱ እርስ በርሳቸው የተስማሙ ስለ ሆኑ አንዳችም ችግር አይገጥምም። የ433.92 ሜጋኸርትዝ ሞገድ ርዝመቱ 69 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ ከሣጥኑ የምትወጣው ቀጭን የአንቴና ሽቦ ብዙ ጊዜ የዚህን ሩብ፣ ማለት 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ትሆናለች። ይህችን ሽቦ ቈርጦ ማሳጠር ወይም ከብረት ጋራ አጣብቆ ማሰር የሪሞቱን የመድረስ ኃይል ያጠፋል፤ ከዳሽቦርዱ በላይኛው ክፍል፣ ከብረት ራቅ ብላ ተዘርግታ ብትቀመጥ ግን ትእዛዙ ከርቀት ይሰማል።

አሁን ወደ ምርጫው ዋና ነገር እንገባለን። በገበያ የሚሸጡት ሣጥኖች ከላይ ሲያዩአቸው ተመሳሳይ ናቸው፤ በውስጣቸው ግን ሁለት ዐይነት ጠባይ አለ። የመጀመሪያው ዐይነት በተጫኑት ቍጥር ያንኑ ቃል የሚደግም ነው፤ በዚህ ወገን የታወቀው ኢቪ1527 የተባለው ንኡስ ዕቃ ለእያንዳንዱ ሪሞት 20 ቢት መለያ ስለሚሰጥ፣ ከአንድ ሚሊዮን ጥቂት የሚበልጡ ልዩ ልዩ መለያዎች ይኖሩታል። ቍጥሩ ሲሰሙት ብዙ ይመስላል፤ ዳሩ ግን ሌባው መለያውን መገመት አያስፈልገውም፤ በመኪና ማቆሚያው አጠገብ ሆኖ ርካሽ በሆነ መሣሪያ አንድ ጊዜ ከቀዳው፣ ባለቤቱ ከሄደ በኋላ ያንኑ መልሶ ሲልከው በሩ ይከፈትለታል። ሁለተኛው ዐይነት በተጫኑት ቍጥር የሚልከውን ቃል የሚለዋውጥ ነው፤ የዚህም ጥበብ ዋነኛ ምንጭ በዚሁ በአህጉራችን በአፍሪቃ መገኘቱን ብዙ ሰው ስለማያውቅ፣ ጥቂት ልዘግይበት እወዳለሁ።

በፈረንጆቹ 1980ዎቹ አጋማሽ በደቡብ አፍሪቃ ናኖቴክ በሚባል ኩባንያ ይሠራ የነበረው ፍሬድሪክ ብሩወር ሪሞቱና ተቀባዩ የሚግባቡበትን ሥርዓት ሲያወጣ፣ የፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲው ጌድዮን ኩን የምሥጢሩን ቀመር ደረሰለት፤ በናኖቴክ የነበረው ዊለም ስሚትም ያንን ቀመር በሲሊኮን ላይ በተግባር አዋለው። ኪሎክ ተብሎ የተሰየመውን ይህን ፍሬ እ.ኤ.አ. በ1995 ማይክሮቺፕ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ10 ሚሊዮን ዶላር ገዛው፤ ከዚያም ወዲህ በብዙ የመኪናና የጋራዥ ሪሞቶች ውስጥ በዓለም ላይ ተሠራጨ። አሠራሩም እንዲህ ነው፤ በሪሞቱ ውስጥ በተጫኑት ቍጥር በአንድ የሚጨምር ቈጣሪ አለ፤ ሪሞቱ ይህን ቍጥር በ64 ቢት ምሥጢራዊ ቁልፍ ሰውሮ ከማይለዋወጠው መለያው ጋራ ይልከዋል፤ ተቀባዩም በዚያው ቁልፍ ፈትቶ ያነበበው ቍጥር ባለፈው ጊዜ ከመዘገበው የበለጠ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ ብቻ በሩን ይከፍታል። አንድ ጊዜ የሰማውን ቃል ዳግመኛ ሲሰማ እንደማያስገባ ዐጻዌ ኆኅት፣ የተቀዳ ድምፅ ቢመጣበት ያሳፍረዋል።

ልጅ በቤት ውስጥ ሪሞቱን ይዞ ሲጫወት ቈጣሪው ተቀባዩ ሳይሰማ ወደ ፊት ይሄዳል፤ ስለዚህ የኪሎክ ተቀባይ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 16 የሚደርሱ ቀጣይ ቍጥሮችን ያለ ጥያቄ ይቀበላል፤ ከዚያ የበለጠ ርቆ ከሄደ ግን ተከታታይ የሆኑ ሁለት ቃሎችን እስኪሰማ ይታገሣል። ሪሞቱ የሞተ መስሎ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ጊዜ ሲጫኑት የሚሠራው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት እንደ ሆነ ያላወቁ ሰዎች ሣጥኑ ተበላሽቷል ብለው ይጥሉታል። እርግጥ ይህም ጥበብ ፍጹም አይደለም፤ በጀርመን አገር የቦኹም ሩር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 የኪሎክ መሣሪያዎች በሥራ ላይ ሳሉ የሚወስዱትን ኃይል እየለኩ ምሥጢራዊውን ቁልፍ ማውጣት እንደሚቻል አሳይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ሳሚ ካምካር የተባለው አሜሪካዊ የመጀመሪያውን ቃል በሌላ ሞገድ አፍኖ ቀድቶ ለኋላ የሚያቈይ መሣሪያ ሠርቶ ለሕዝብ ገልጧል። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው ሥራ ዕውቀትና ዝግጅት የሚጠይቅ ሲሆን፣ የማይለዋወጠውን ሪሞት መቅዳት ግን የመንደር ሥራ ነው። የትኛው ዐይነት እንደ ሆነ ለመለየት አንድ ቀላል ፈተና አለ፤ ማናቸውንም ሪሞት በመጫን ብቻ የሚቀዱት ርካሾቹ የኮፒ ሪሞቶች የእርስዎን ሪሞት ቀድተው በሩን ደጋግመው ከከፈቱት፣ የገዙት የማይለዋወጠውን ዐይነት መሆኑን ይወቁ። ዋጋው በጥቂት ቢበልጥም የሚለዋወጠውን ይግዙ፤ በዚህ ነገር ቍጠባ የለም።

ሣጥኑ ከተመረጠ በኋላ የሚመጣው ከሁሉ የከበደው ምርመራ ነው፤ የአሮጌው መቀርቀሪያ ሞተሮች ትእዛዛቸውን የሚቀበሉበት መንገድ በየመኪናው ይለያያልና። በጃፓን መኪኖች በብዛት እንደሚታየው፣ የበሩ ማብሪያ ሲጫን ቀጭኗን የትእዛዝ ሽቦ ከመኪናው አካል፣ ማለት ከኔጋቲቭ ጋራ ያገናኛታል፤ ይህን የተረዳው የመኪናው መቆጣጠሪያ ወይም ሪሌ የተባለው በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ለሞተሮቹ ኃይሉን ይሰጣል። ለዚህ ዐይነት ሥራው እጅግ ቀላል ነው፤ አዲሱ ሣጥን በመቈለፊያዋና በመክፈቻዋ ሽቦ ላይ ከአንድ ሰከንድ ለሚያንስ ጊዜ ኔጋቲቭ ይሰጣል፤ መኪናውም ባለቤቱ ማብሪያውን የተጫነ መስሎት ይታዘዛል፤ የሚቈረጥ ሽቦም የለም። በአንዳንድ የአሜሪካ መኪኖች ደግሞ ማብሪያው የሚልከው 12 ቮልት ፖዘቲቭ ነው፤ ሥርዓቱ ከመጀመሪያው የተገለበጠ ይሁን እንጂ ሥራው ያው ቀላል ነው።

ሦስተኛው ዐይነት ግን ብዙ ፊውዝ ያቃጠለና ብዙ ባለሙያ ያሳዘነ ነው። በዚህ ዐይነት በመካከል ሪሌ የሚባል የለም፤ የሞተሮቹ ኃይል በቀጥታ የሚያልፈው በማብሪያው ውስጥ ነው። ወደ ሞተሮቹ የሚሄዱት ሁለት ሽቦዎች ማብሪያው ሳይነካ ሁለቱም በማብሪያው በኩል ከኔጋቲቭ ጋራ ተገናኝተው ያርፋሉ፤ መቈለፊያው ሲጫን አንዱ ፖዘቲቭ ይሆናል፤ መክፈቻው ሲጫን ደግሞ ሌላው ፖዘቲቭ ይሆንና ሞተሩ በተቃራኒው ይዞራል። እንግዲህ ባለሙያው ይህን ሳይመረምር እንደ ሁለተኛው ዐይነት ቈጥሮ የሣጥኑን ሽቦ በላያቸው ቢያስር፣ ከሣጥኑ የሚወጣው 12 ቮልት በማብሪያው በኩል በቀጥታ ወደ ኔጋቲቭ ይፈሳል፤ ይህ በግልጽ ሾርት ነው። ትክክለኛው ሥራ ሁለቱን ሽቦዎች ቈርጦ የሣጥኑን ሪሌዎች በመካከል ማስገባት ነው፤ በማብሪያው በኩል ያለው ጫፍ ሪሌው ባረፈበት ጊዜ ከሚነካው ጥርስ ጋራ፣ በሞተሩ በኩል ያለው ጫፍ ከመካከለኛው ጋራ፣ ፊውዝ ያለው ፖዘቲቭም ከሦስተኛው ጋራ ይያያዛል። እንዲህ ሲሆን ሪሌው ባረፈበት ጊዜ አሮጌው ማብሪያ እንደ ቀድሞው ይሠራል፤ ሪሞቱ ሲጫን ደግሞ ሪሌው ማብሪያውን ለቅጽበት ከመንገዱ አግልሎ ኃይሉን ለሞተሩ ያደርሳል።

ከነዚህ ሌላ፣ በቆዩ መርሴዲሶች የሚገኘው በአየር መሳብና መግፋት የሚሠራ መቀርቀሪያ አለ፤ ይህ ከሞተሮቹ ዝግተኛ ስለ ሆነ ሣጥኑ ትእዛዙን ሦስት ወይም አራት ሰከንድ ያህል እንዲያቈይ ተደርጎ መስተካከል አለበት፤ ጥሩ ሣጥኖች ይህን የጊዜ ምርጫ ከነመመሪያው ይዘው ይመጣሉ። የኤሌክትሪክ መቀርቀሪያ በብዛት ከመለመዱ በፊት የተሠሩት፣ በከተማችን ገና የሚሽከረከሩት አሮጌዎቹ ኮሮላ ዲኤክሶች ግን በብዛት ሞተር የላቸውምና በአራቱም በሮች አዲስ ሞተር ማስገባት ግድ ይላቸዋል፤ ያ ደግሞ የራሱ ሰፊ ሥራ አለው።

የትኛው ዐይነት እንደ ሆነ የሚታወቀው በመለካት እንጂ በሽቦ ቀለም በመገመት አይደለም። ባለሙያው ከአሽከርካሪው እግር በስተግራ ያለውን መሸፈኛ ፈትቶ፣ ወደ በሩ የሚገቡትን ሽቦዎች አንድ በአንድ በመልቲሜትር እየነካ፣ ማብሪያው ሲጫን በየትኛው ላይ ምን ቮልት እንደ መጣ ወይም እንደ ጠፋ መመዝገብ ይገባዋል፤ በአምፖል የሚሠራውን ሻካራ መፈተሻ ግን ባይጠቀም መልካም ነው፤ አምፖሉ የሚወስደው ኃይል ስስ የሆኑ መቆጣጠሪያዎችን ሊጐዳ ይችላልና። በተለይም ከፈረንጆቹ 1990ዎቹ ወዲህ በተሠሩት መኪኖች ውስጥ ቢጫ ሽፋን ያላቸው ሽቦዎች የአየር ከረጢቱ ስለ ሆኑ፣ በምንም መፈተሻ አይነኩ። የመኪናውም ባትሪ ስንት ቮልት እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠየቅ፤ አንዳንድ የናፍጣ ላንድክሩዘሮችና አብዛኞቹ አይሱዙ የጭነት መኪኖች 24 ቮልት ስለ ሆኑ፣ ለ12 ቮልት የተሠራ ሣጥን ቢያስሩባቸው ወዲያው ይቃጠላል።

ብዙ ባለቤቶችን የሚያስደንቅ አንድ ነገር ደግሞ አለ። በብዙ የቆዩ መኪኖች በአሽከርካሪው በር ውስጥ ሞተር የለም፤ በዚያ ያለው ማብሪያ ብቻ ሲሆን፣ ሰው በቁልፍ ወይም በእጁ የአሽከርካሪውን በር ሲቈልፍ ያ ማብሪያ የቀሩትን ሦስቱን ያዝዛል። ስለዚህ ሪሞት ሲገጠም ሦስቱ በሮች ይታዘዙና ዋናው በር ክፍት ሆኖ ይቀራል። መፍትሔው ባለ ሁለት ሽቦ አንድ ሞተር በአሽከርካሪው በር ውስጥ መጨመር ነው፤ ሞተሩ የሚስበውና የሚገፋው ዘንግ ከመቀርቀሪያው ዘንግ ጋራ በአንድ አቅጣጫ ተስተካክሎ በማያያዣው ይጠበቃል፤ የሚዞረው በተቃራኒው ከሆነ ሁለቱ ሽቦዎቹ ይቀያየራሉ። ነገር ግን የበሩ መሸፈኛ ከመመለሱ በፊት መስኮቱ እስከ ታች ወርዶ መስታወቱ ሞተሩን እንዳልነካ ይታይ፤ የፈቱትን ላስቲክ ወይም ወረቀት በሥፍራው አለመመለስም በክረምት ውሃ ወደ መኪናው ውስጥ እንዲገባ መንገድ መክፈት ነው።

አዲሱ የሞተር ሽቦ ከመኪናው አካል ወደ በሩ የሚሻገርበት የጎማ ቱቦ ደግሞ ከሁሉ የበለጠ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥፍራ ነው። በሩ በተከፈተና በተዘጋ ቍጥር በዚያ ያሉት ሽቦዎች ስለሚታጠፉ፣ በቆየ መኪና ውስጥ ብዙ ጊዜ አንዱ ሽቦ ሽፋኑ ሳይቀደድ ከውስጡ ተቈርጦ ይገኛል፤ አንድ በር ሲታዘዝ ሲያምፅ የሚታየውም አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው። ሽቦውን ከጎማው ውጭ አሳልፎ በበሩ ስንጥቅ የሚጨምቅ ሠራተኛ ካዩ፣ ሥራውን ያስቁሙት፤ በሩ ሲዘጋ ብረቱ ያንን ሽቦ እየፈጨ አንድ ቀን ከአካሉ ጋራ ያገናኘዋል። መጋጠሚያዎቹም ተጠምዝዘው በፕላስተር ከሚጠቀለሉ ይልቅ በሊድ ተበይደው በሙቀት በሚኰማተር ቱቦ ቢሸፈኑ ዕድሜ ይኖራቸዋል፤ የሣጥኑ ፖዘቲቭ ከባትሪው በሚመጣው ሥፍራ አጠገብ የራሱ ፊውዝ ሊኖረው የግድ ነው፤ መጠኑም ከሣጥኑ መመሪያ ይወሰዳል።

ተቀባዩ ሌሊትና ቀን ነቅቶ ሲጠብቅ ከባትሪው ጥቂት ኃይል ይወስዳል፤ ይህም በሥራው ጊዜ ሊለካ ይገባዋል። ለምሳሌ ሣጥኑ 20 ሚሊ አምፔር ቢወስድ፣ ሠላሳ ቀን የቆመ መኪና 14.4 አምፔር ሰዓት ያህል ያጣል፤ ባለ 45 አምፔር ሰዓት ባትሪ ላለው መኪና ይህ የኃይሉ ሲሶ ማለት ነው። ስለዚህ ሥራው እንዳለቀ የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ ተፈትቶ መልቲሜትሩ በመካከል ገብቶ፣ ሁሉም ነገር ከጠፋና ጥቂት ደቂቃ ካለፈ በኋላ የሚነበበው ጠቅላላው ፍሳሽ ከ50 ሚሊ አምፔር በታች መሆኑ ይረጋገጥ። ለውጭ አገር ጉዞ መኪናቸውን ወራት ለሚያቆሙ ሰዎች ገመዱን ፈትቶ መሄድ የሚበጅ ነው።

አንዳንድ ሣጥን ሞተሩ ሲነሣ በሮቹን በራሱ የመቈለፍ፣ አንዳንዱም በሪሞት ከተከፈተ በኋላ በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ማንም በር ካልከፈተ መልሶ የመዝጋት ምርጫ አለው። የመጀመሪያው በከተማ መጨናነቅ ውስጥ ይጠቅማል፤ ግን ሞተሩን ሳያጠፉ ልጅን በውስጥ ትቶ ወርዶ በሩን ከኋላ መግፋት ከባድ አደጋ ሊያመጣ ስለሚችል፣ ሕፃናት ያሉበት ቤት ይህን ምርጫ ባያስከፍት እመክራለሁ። መለዋወጫው የብረት ቁልፍም ከሪሞቱ ጋራ በአንድ ማያያዣ አይታሰር፤ የሪሞቱ ባትሪ፣ ባለ 3 ቮልት ሲአር2032 ቢሆን ወይም ትንሹ ባለ 12 ቮልት፣ ሊያልቅ የሚችል ስለ ሆነ፣ የመኪናውም ባትሪ ሊወድቅ ስለሚችል፣ መለዋወጫው ቁልፍ በቤት ወይም በታመነ ሰው እጅ ይቀመጥ፤ የአሽከርካሪው በር የቁልፍ ቀዳዳም ለዓመታት ሳይነካ ዝጎ እንዳይቀር አልፎ አልፎ በቁልፍ ይከፈት።

የበር ሪሞት ግን መኪናውን ከስርቆት የሚጠብቅ መሣሪያ እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን። የሞተሩን መነሣት የሚከለክለው ኢሞቢላይዘር የተባለው ሌላ ሥርዓት ነው፤ በአውሮጳ ኅብረት አዳዲስ መኪኖች ይህን እንዲይዙ የተደነገገው እ.ኤ.አ. ከ1998 ጥቅምት ጀምሮ በመሆኑ፣ ከዚያ ቀደም የተሠሩት ብዙዎቹ የላቸውም። ሌባ የሪሞቱን ሞገድ በሌላ ሞገድ አፍኖ በሩ ሳይቈለፍ ባለቤቱ እንዲሄድ የሚያደርግበትም ዘዴ አለ፤ ስለዚህ ፍሬቻው መብራቱን በዐይን፣ የመቀርቀሪያውንም ድምፅ በጆሮ አረጋግጦ፣ አንድ ጊዜ የበሩን እጀታ ስቦ መሄድ ተገቢ ነው። ፍሬቻው በሚቈለፍበትና በሚከፈትበት ጊዜ እንዲበራ ማስያያዝ ለዚህ ይጠቅማል፤ ይህን ሥራ ለጌጥ ነው ብሎ የሚተው ባለሙያ ቢኖር አይቀበሉት።

መኪናውን ከባለሙያው ሲረከቡ ከላይ የተነገረውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመፈተን መቸኰል አያስፈልግም፤ ግን ሦስት ነገር ሳያዩ አይሂዱ፤ አሮጌው ማብሪያና የብረቱ ቁልፍ እንደ ቀድሞው መሥራታቸውን፣ ሞተሩ ተነሥቶና መብራት ሁሉ በርቶ ሳለ ሪሞቱ መታዘዙን፣ ሽቦዎቹም በፔዳሎቹና በመሪው ዘንግ አጠገብ ሳይንጠለጠሉ መታሰራቸውን። ሣጥኑ የተቀመጠበትን ሥፍራ፣ የተያያዙትን ሽቦዎች ቀለምና ሪሞት የሚመዘገብበትን መመሪያ በወረቀት ጽፎ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ ሌላ ባለሙያ በኋላ ሲመጣ ያ ወረቀት የሰዓታት ድካም ያስቀርለታል። ቀድሞ ሪሞት የተገጠመለትን መኪና የገዛ ሰውም ስም ከማዛወሩ ጋራ ሣጥኑ ቀድሞ የመዘገባቸውን ሪሞቶች ሁሉ አስደምስሶ የራሱን ብቻ አዲስ ያስመዝግብ፤ ሻጩ ያልሰጠው ሁለተኛው ሪሞት በየት እንዳለ አይታወቅምና።